ሳንባ ውስጥ የቀረች ኖታ

እናቴ የአባቴን ሳንባ ካፖርቷ ስር ደብቃ ወደ ቤት ያመጣች ቀን ዝናብ ነበር።

እናቴ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አንሺ ነበረች። ቀኑን ሙሉ የሰው ደረት ስታነሳ ትውልና ሥራዋን ሳታስበው ቤት ይዛው ትገባለች። ሹራብ ስታለብሰኝ እንኳ "ትንፋሽ ሳቢ፣ ያዢ፣ እንዳትንቀሳቀሺ፣ ተንፍሺ" ትለኛለች። ያን ቀን ግን ምንም አላለችም። ጫማዋን ሳታወልቅ ቀጥ ብላ ወጥ ቤት ገባች፤ ጥቁሯን ፊልም አወጣችና መስኮቱ ላይ በሁለት መዳፏ ደግፋ ያዘቻት። አባዬና ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ ከኋላዋ ቆሙ። እኔ ገና ቁመቴ ከቀበቶ የማያልፍ ስለነበር በሁለቱ ዳሌ መካከል አንገቴን አሾለኩ።

የጎድን አጥንቶቹ አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረዋል። በመካከላቸው አንዲት ነጭ ነጥብ።

"ይቺ ናት?" አለ አባዬ።

"እሷ ናት።"

"ክብ ናት እኮ።"

"ክብ አይደለችም" አለች እናቴ። "ክብ ብትሆን ደስ ባለኝ።"

አባዬ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ አጥንቶቹን እንደ ኖታ መስመር ከታች ወደ ላይ በጣቱ ቆጠረ። "እትዬ፣ እስቲ አንብቢልኝ። ሦስተኛውና አራተኛው መስመር መካከል። ዶ አይደለችም? ሙሉ ኖታ ናት። አራት ምት ተይዛ ትለቀቃለች።"

አክስቴ መነጽሯን አስተካክላ ቀረበች። ይቺ ሴት የወንድሟን ሳንባ ስታይም የሚታያት ስህተቱ ነው። "ሙሉ ኖታ መሃሏ ክፍት ነው" አለች። "ይቺ ድፍን ናት።"

ማንም አልሳቀም። ዝናቡ ከፊልሙ ጀርባ በመስኮቱ ላይ እየወረደ የአባዬን ደረት ከውስጥ የሚያጥበው ይመስል ነበር።

እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ሁሉ ነገር ተገለጠልኝ። ሌላ ቤት የተወለደ ልጅ ቢሆን አባቱ ታመመ ይል ነበር። እኛ ቤት ኖታ ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል፦ ከአባዬ ደረት ተነስቶ፣ በአፉ አልፎ፣ በሳክስፎኑ ጉሮሮ ወርዶ ይወጣል። ከዚያ ሁሉ ኖታ አንዷ መንገድ ላይ ብትሰነቀር ምን ይገርማል? ዶቃ እንኳ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል፤ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። መድኃኒቱም ግልጽ ነበር። የእኔን ዶቃ ያወጣችው እናቴ ናት፤ ሌላኛውን ቀዳዳ ደፍና "እፍፍ በይ" ብላ። አባዬም እፍፍ ማለት አለበት።

ፊልሟን ካደግሁ በኋላ አይቻታለሁ። እናቴ ልክ ነበረች። ክብ አይደለችም፤ ጠርዟ ውሻ እንደጎተተው ጨርቅ የተተለተለ ነው።

በማግስቱ አባዬ ሳክስፎኑን ይዞ ሳሎን ገባና ፒያኖው ፊት ለተቀመጠችው አክስቴ "ሦስተኛው ክፍል ቀርቶናል" አላት።

ይህን ለመረዳት የቤታችንን የቆየ ቁርሾ ማወቅ ያስፈልጋል። አባዬና አክስቴ በወጣትነታቸው አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ለመመረቂያቸው ለሳክስፎንና ለፒያኖ የተጻፈ አንድ ሶናታ አብረው ጀመሩ። ሶናታው ሦስት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ይጨቃጨቃል፣ ሁለተኛው ያለቅሳል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ረስቶ ይጨፍራል። ጭቅጭቁንና ልቅሶውን አጥንተው ጭፈራው ሲደርስ አባዬ አንድ ሆቴል ውስጥ ከሚጫወት የዳንስ ባንድ ጋር ጠፋ። አክስቴ ይህንን ስትናገር የሠርጓ ቀን የተከዳች ሙሽራ ነበር የምትመስለው። "ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ጥሎኝ ሄደ" ትላለች፤ እንግዳ ሲመጣም፣ ሻይ ስትቀዳም። እንግዳው ባሏ መስሎት "አይዞሽ እህቴ፣ ወንዶች እንዲህ ናቸው" ይላታል።

አባዬ በኋላ ተመልሶ እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ፣ እናቴን አገባ፣ እኔን ወለደ፣ ራሱ ላይ ፀጉር አነሰው። ሦስተኛው ክፍል ግን ሳይነካ ቆየ። አክስቴ አላነሳችውም፤ ኩራቷ። እሱም አላነሳው፤ ጊዜ ያለው መስሎት።

አሁን ግን ሶናታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ሰው ፊት እጫወታለሁ አለ። እናቴ ይህንን የሰማች ቀን የተቀቀለ ድንች ትልጥ ነበር። ቢላዋን ይዛ ሳሎን መጣች።

እናቴ አክስቴን በጣም ታከብራታለች፤ ስለዚህ ጠባቸው ሁሉ በአንቱታ ነበር። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወንድምዎን እየገደሉት ነው።"

"እኔ ነኝ የምገድለው?"

"ሐኪሙ ትንፋሽህን ቆጥብ ብሎታል። እርስዎ ደግሞ ያስነፉታል።"

"ለምን ይቆጥበው? ለልጅ ልጁ ሊያወርሰው ነው?"

ከፒያኖው ስር ተኝቼ ስለነበር የማየው የእናቴን ጫማና ወለሉ ላይ የወደቀች የድንች ልጣጭ ብቻ ነው። ጫማው ረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም።

"ለእኔ" አለች በመጨረሻ። "ለእኔ ይቆጥብልኝ።"

እናቴ እንዲህ ስስታም መሆኗን ያን ቀን አወቅሁ። ሌላ ሰው የሚሰማውን ትንፋሽ ለብቻዋ ልታስቀር! ኖታዋ እንድትወጣ የምትፈልግ አልመሰለኝም። ዛሬ እኔም ባል አለኝ፤ ሌሊት ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲያንኮራፋ አንዳንዴ አልቀሰቅሰውም።

ልምምዱ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ አክስቴ ሳሎናችን ውስጥ ፒያኖ የምታስተምራቸውን ተማሪዎች ከሸኘች በኋላ። የእኔ ቦታ ከፒያኖው ሆድ ስር ነው። ከዚያ ሆነው ሲሰሙት ሙዚቃ አይመስልም፤ አውሎ ነፋስ የገባበት ቁምሳጥን ይመስላል። የአክስቴ ጥቁር ጫማ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ይለቃል። ወዲያ ማዶ የአባዬ ነጠላ ጫማ፤ አውራ ጣቱ ምት ይመታል። አባዬ ከመጀመሩ በፊት ሪድ የሚሏትን ስስ የሸምበቆ ቁራጭ በአፉ ያርሳል፤ እሷን ከንፈሩ ላይ ይዞ ሲያወራ ጥርስ እንደሌለው ሽማግሌ ይኮላተፋል፣ እኔም እስቃለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ጥሩ ነበር። ይጨቃጨቃሉ፤ በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን በአፋቸውም።

"አንተ ልጅ፣ ሆቴል ውስጥ አይደለህም። ወገብህን አታወዛውዝ።"

"ወገቤ ነው የሚያነበው እትዬ።"

"አንብቦ ሞቷል! ከላይ ጀምር።"

ችግሩ የመጣው ልቅሶው ላይ ነው። ሁለተኛው ክፍል መሃል ላይ ሳክስፎኑ አንዲት ረጅም ኖታ ይይዛል፤ ፒያኖው ከስሩ ቀስ ብሎ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ይራመዳል። አባዬ ያችን ኖታ ይዞ ይቆያል፣ ይቆያል፣ ከዚያ ትበጠሳለች። ያኔ የአክስቴ ቀኝ እጅ ከላይ ብቅ ብሎ የእሱን ኖታ ይወስዳታል። እሱ ሲያስልና ጉሮሮውን ሲጠራርግ ዜማው በፒያኖው ይቀጥላል፤ ሲመለስ ደግሞ ትለቅለታለች። አንድ ቀን እንዲህ አደረገች። በማግስቱ ሁለት ቦታ። ከሳምንት በኋላ ሙሉ መስመር።

ሌባ ናት! ለእኔ ሌላ ስም አልነበረውም። አባዬ ኖታዋን ሊያወጣት ሲቃረብ፣ ልትወጣ አንድ ትንፋሽ ሲቀራት፣ አክስቴ ቀድማ ዜማውን ትነጥቀዋለች፤ ኖታዋም ተመልሳ ትገባለች። የጫማዋን ክር ፈትቼ ሁለቱን ጫማ አንድ ላይ ልቋጥረው ሁሉ አስቤ ነበር፤ ግን ጫማዋ ክር የለውም። እንዲህ ያለች ሴት ክር ያለው ጫማ አታደርግም።

አባዬም አልወደደውም። አንድ ቀን ሳክስፎኑን ከአፉ አውጥቶ ቆመ።

"እትዬ፣ የእኔን ተይልኝ።"

"ክፍተት ነበር። ሞላሁት።"

"ክፍተቱም የእኔ ነው።"

ፒያኖው ዝም አለ። ፔዳሉ ግን እንደተረገጠ ስለነበር የመጨረሻው ድምፅ ከራሴ በላይ እንደ ንብ ያዜማል።

"ስሚኝ" አለ አባዬ። ድምፁ ከሪዷ ጋር እየተኮላተፈ ነበር፤ እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም። "በዕለቱ ብቆም እንኳ የእኔን እንዳትነኪ። አንቺ ያንቺን ብቻ ተጫወች፣ እስከ መጨረሻው። ማዪልኝ።"

"እኔ አልምልም።"

"በእናታችን።"

 የአክስቴ ጫማ ከፔዳሉ ተነሳ፤ ንቡ በአንዴ ጸጥ አለ። "በእናታችን" አለች።

ሌባ ሲያዝ ይምላል፤ ይህ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም።

ልምምዱ ሲያበቃ ከተደበቅሁበት ወጥቼ አባዬን እጁን ጎተትኩት። ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ በአፉ አየር ይጠጣ ነበር።

"ገፋ አድርገህ ንፋ" አልኩት በጆሮው። "ትወጣለች።"

"ማን ናት የምትወጣው?"

"ኖታዋ። ሳንባህ ውስጥ የቀረችው።"

አባዬ አየኝ። እሱ ቀልዶ የሚረሳ ሰው ነው፤ ቀልዱ ሦስት ሳምንት እኔ ውስጥ ሲበስል እንደነበር አያውቅም። ሊያርመኝ አፉን ከፈተ፤ ያርመኝ የነበረ ይመስለኛል። ከዚያ ዘጋው።

"ሦስተኛው ክፍል ላይ ትወጣለች" አለኝ።

"ማርያምን በል?"

"ማርያምን። ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ እናስደንቃታለን።"

የዕለቱ አዳራሽ ወንበሮቹ የእንጨት ናቸው፤ ሲቀመጡባቸው ያጓራሉ። እናቴ አልመጣም ብላ ነበር። ከሥራ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ መጥታ ከፊተኛው ረድፍ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ተማሪዎች "ክቡራን" ብለው የሚጠሩት ሰው ነው። ሽንት ቤት ሊሄድ ሲነሳም "ክቡራንና ክቡራት" ብሎ ነው ይባላል። አባዬንና አክስቴን መድረክ ላይ አቁሞ ስለ ትንፋሽ መሣሪያዎች ታሪክ ተናገረ። ስለ ትምህርት ቤቱ ራእይ ተናገረ። ትንፋሽ የጥበብ ሁሉ እናት መሆኗን በረጅሙ አብራራ። አባዬ ሳክስፎኑ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ለሶናታው ያስቀመጣትን ትንፋሽ ለዚህ ንግግር ቆሞ ይገብር ነበር። አክስቴ መሃል ላይ አንዲት የፒያኖ ቁልፍ በጣቷ መታች። ክቡራን ደነገጡ፣ ሰው ሳቀ፣ ንግግሩ አለቀ።

የመጀመሪያው ክፍል ግሩም ሆነ። እንዲያውም አባዬ ወገቡን አወዛወዘ፤ አክስቴም አየችና ምንም አላለችም። ሁለተኛው ክፍል ላይ ያቺ ረጅም ኖታ መጣች። ያዛት። ፒያኖው ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ሁለት ደረጃ እንደወረደ ኖታዋ ተበጠሰች።

የአክስቴን ቀኝ እጅ አየሁት። ተነሳ። አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ጭኗ ላይ አረፈ፤ ግራ እጇ ብቻውን መውረዱን ቀጠለ። አዳራሹ ውስጥ ዜማው መኖር የነበረበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ሁሉም ሰው አየው። እኔ ተናደድኩ። ሳይፈልጋት ስትሰርቀው ከርማ፣ ዛሬ ሲፈልጋት እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች!

አባዬ ከልቅሶው ማለቂያ ላይ ጥቂት ኖታዎች አገኘ። ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። አክስቴ አየችው። "ይብቃ?" የሚል አስተያየት ነበር፤ ይህን ማንም ልጅ ያውቀዋል። አባዬ ሳክስፎኑን አፉ ውስጥ አስገባና በአገጩ "ቀጥዪ" አላት።

ሦስተኛው ክፍል ተጀመረ። ከሳክስፎኑ የወጣው የበር ስር ነፋስ የሚመስል ነገር ነው። ከዚያ እሱም ቀረ። ጣቶቹ ግን ይሮጡ ነበር። ቁልፎቹ ሲወርዱ ትንንሾቹ የቆዳ ክዳኖች ናሱ ላይ እየተከደኑ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅጠቅጠቅ ይላሉ። ጉንጩ አልተነፋም። ፊቱ አመድ ነው። አክስቴ የራሷን ትጫወታለች፤ ትጨፍራለች፣ ትጠይቃለች፣ መልስ የሚመጣበት ቦታ ላይ ዝም ትላለች፣ ጠቅጠቅታው ብቻ ይሰማል፣ ትቀጥላለች። ባዶ ወንበር ይዞ እንደሚደንስ ሰው።

"ማይክራፎኑ ተበላሽቷል" አለ ከኋላችን አንድ ወፍራም ድምፅ። ማይክራፎን የሚባል ነገር አልነበረም።

"ቴክኒሻን ጥሩ እንጂ!"

"ሽሽ! ዘመናዊ ነው" አለች አንዲት ሴት።

የእናቴ እጅ የእኔን ጣቶች እርስ በርስ ያፋጫቸው ነበር። ቀና ብዬ ሳያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። "ሳብ... ሳብ... ያዝ... ተንፍስ። ተንፍስ። ተንፍስ።"

እኔ ግን የሚሆነውን ከሁሉም በላይ ገብቶኝ ነበር። አባዬ ያልነፋው ሆን ብሎ ነው። አልጋ ስር የተደበቀች ድመት በጩኸት አትወጣም፤ ዝም ብሎ በጣት ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ነው የምትጠራው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ አባዬንም አክስቴንም አላየሁም። ዓይኔን ከሳክስፎኑ አፍ ስር ወለሉ ላይ ተከልኩ፤ ስትወድቅ እንዳታመልጠኝ።

የሚቀጥለው የሰማሁት ጭብጨባ ነው። ክቡራን ናቸው የጀመሩት፣ ቆመው። "ክቡራንና ክቡራት" አሉ፤ "ድምፅን የተሻገረ ሦስተኛ ክፍል! እንዲህ ያለ ድፍረት የተሞላበት አተረጓጎም በዚህ አዳራሽ ታይቶ አይታወቅም!" ሰው ሁሉ ያልገባው መባልን ፈርቶ ተነሳ። ወፍራሙ ድምፅ "ብራቮ" አለ። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ጊዜ አንድ መምህር በቦታው ያልነበረውን ያህል በኩራት ይህንኑ ምሽት ሲያስተምር ሰማሁ፤ "የዝምታ ውበት" ብሎ ርዕስ ሁሉ ሰጥቶታል። ብስቅ ከክፍል አስወጣኝ።

ከመድረኩ ጀርባ አባዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አክስቴ የሸሚዙን ቁልፍ ትፈታለት ነበር። ጉልበቱ ላይ ተንጠለጠልኩ።

"ወጣች?"

መናገር አልቻለም። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ሮጥኩ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። "ወጣችለት!" አልኳት። "ኖታዋ ወጣችለት! አንቺን ልናስደንቅሽ ነው!"

እናቴ ተንበርክካ አቀፈችኝ፤ እንደዚያ ቀን አጥብቃ ይዛኝ አታውቅም፤ የጋዋኗ ቁልፍ ጉንጬ ላይ ታትሞ ቀረ። ደስታ መሰለኝ።

ወር ሳይሞላው ሞተ። በቀብሩ ቀን ክቡራን ንግግራቸውን ደገሙት፤ "የዝምታው ጌታ ወደ ዝምታ ሄደ" የምትል ጨምረውበት። ቤት ስንመለስ እናቴና አክስቴ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ተቀመጡ። ከበሩ ጀርባ ሆኜ ስሰማ እናቴ "እትዬ" አለቻት፤ "ቃልዎን ጠበቁ።" ምስጋና ይሁን እርግማን ያኔ አልገባኝም። እናቴ ከሞተች ቆይቷል፤ አሁንም አልገባኝም።

አባዬ ኖታዋ ወጥታ ሳለ ለምን እንደሞተ ግን እኔ መልስ አበጀሁለት፦ አክስቴ መድረክ ላይ ብቻውን ጥላው ስለነበር። ወንድሟ አፉን ከፍቶ ሲቆም፣ ሁሉን የምትችል ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ሴት። ያቺ ነጭ ነጥብ ምን እንደነበረች ካወቅሁ በኋላም፣ ስለ ሳንባ ሁሉን ካነበብኩ በኋላም፣ ያቺ እጅ ከጭኗ አልተነሳችልኝም።

አክስቴ ዛሬ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን የጎረቤትን የቧንቧ ጠብታ "ከቃናዋ ዝቅ ብላለች" ብሎ ይከሳል። ባለፈው ሳምንት እጇን በሞቀ ውሃ ሳሽላት ቀኝ እጇ መዳፌ ላይ ነበር። ጠየቅኋት።

"አክስቴ፣ ያን ቀን ዜማውን ለምን አልወሰድሽለትም?"

"የቱን ቀን?" አላለችም። ሰነፍ ተማሪዎቿን ታይ በነበረበት ዓይን ወደ ድምፄ ዞረች።

"እየተጫወተ ነበራ።"

"ድምፅ አልነበረውም እኮ፣ አክስቴ።"

"አንቺ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ አልሰማሽም? ቁልፎቹን?" እጇን ከውሃው አውጥታ በተጣመመ ጣቷ የሳፋውን ጠርዝ መታች፣ በፍጥነት፣ ከጠበቅሁት በላይ በፍጥነት። "ሦስተኛውን ክፍል ሮጠብኝ። ቀስ በል ብዬ በግራ እጄ ብጎትተው እምቢ አለ። ምን ላድርግ? አብሬው ሮጥኩ።"

ውሃው እየቀዘቀዘ ነበር።

"ታዲያ" አልኳት፤ እኔ በዚያች ሰዓት ወለሉን ሳይ ነበርና፤ "ቀደመሽ?"

"ማን? እሱ?" አክስቴ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለች። "አብረን ነው የጨረስነው።"